ከነጓሮው የተሸጠልን ቤት

የልጄ ልጅ ምህረት ሆሳዕና ውስጥ ቤት ልትገዛ ነው። ባለፈው ሰሞን «እማማ፣ አንቺ ቤት ታውቂያለሽ፤ አብረሽኝ ሄደሽ እዪልኝ» ብላ ካረፍኩበት አስነሥታ በባጃጅ ይዛኝ ሄደች። ደላላው ስልኩ ከጆሮው የማይወርድ ልጅ ነው። ሴራሚኩን እያሳየ ያወራል፣ ሮቶውን መታ መታ እያደረገ ያወራል፣ የባንክ ብድር እንዴት እንደሚገኝ ያወራል፤ አፉ አይደክመውም። እኔ ጉልበቴን ይዤ ደረጃ እወጣለሁ፣ ደረጃ እወርዳለሁ። በመጨረሻ የጓሮውን በር ሲከፍትልን ከወዲያኛው አጥር አንድ ሽታ መጣ፤ የተቀበረ ቆጮ ጉድጓዱ ሲከፈት የሚሸተው፣ ኮምጠጥ ያለ ከባድ ሽታ። ደላላው ደነገጠ። ሽታው ከጎረቤት እንጂ ከዚህ ቤት አይደለም ብሎ ማለልኝ፣ እኔን የቤተ መንግሥት እመቤት አደረገኝ መሰለኝ። ምህረትም አፍንጫዋን ያዘች፤ የከምባታ ልጅ ሆና ነው እንግዲህ። እኔ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። የደከመኝ መስሏት ወንበር ልታመጣ ሮጠች፤ አልደከመኝም። ቤት ሲገዛ ምን ምን እንደሚጠየቅ ከጠዋት ጀምሮ ስትወተውተኝ ነበር፣ እኔም የምመልስላት አጥቼ ነበር። ያ ሽታ ነው እጄን ይዞ ወደ ኋላ የመለሰኝ።

ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ የማስታውሰው የለበስኩትን ነው። ሰማያዊ አበባ ያለበት ቺት ቀሚስ ነበረኝ፣ ከዓረቡ ሱቅ ተቆርጦ እዚያው በረንዳው ላይ የተሰፋ። ከእግሬ ቡኒ ላስቲክ ጫማ፣ ፀሐይ ሲመታው እግር የሚቀቅል። ሆሳዕና ያኔ ከአንድ መንገድና ከአንድ ገበያ ብዙም አትበልጥም ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ገና ዋቸሞ ነው የሚሏት። በስሙኒ ስኳር ይገዛል፣ በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልሎ፤ ስኳሩ ካለቀ በኋላ ባለቤቴ ደሳለኝ ጋዜጣውን ያነበዋል። በአላድ የሚገዛውን ብነግራችሁ አታምኑኝም፣ ስለዚህ ይቅር። ክረምት ሲገባ ቀዩ ጭቃ ጫማ ያስቀራል፤ የጭነት መኪና ሲያዝ ደግሞ ገበያተኛው ሁሉ ዕቃውን ጥሎ ሊገፋ ይወጣል፣ ልጆች ይጨፍራሉ፣ ሹፌሩ ይሳደባል። ደሳለኝ አስተማሪ ነበር፣ ጌታ ያሳርፈው። ካኪ ኮቱን ለብሶ ጥቁር ጃንጥላውን ይዞ ሲመጣ ከሩቅ የአውራጃ ገዥ ይመስላል፤ ሲቀርብ ኮሌታው ተገልብጦ የተሰፋ መሆኑ ይታያል። ሁለታችንም ከዱራሜ በኩል የመጣን ነን፤ ሐድይኛ ለእኛ ግማሹ የሚገባ፣ ግማሹ የሚያመልጥ ቋንቋ ነበር። የተከራየናት ክፍል ከአንድ ጠጅ ቤት ጀርባ ነበረች፣ ግድግዳዋ ከጠጅ ቤቱ ጋር አንድ። ግራሞፎኑ ሌላ ሸክላ ያለው አይመስልም፤ አንዱን የፍቅር ዘፈን ማታ ማታ ያስለቅሰዋል። እኛ የጸሎት ሰዎች ነን፤ ይሁንና ያንን ዘፈን ከመዝሙሬ የበለጠ በቃሌ ያዝኩት። አንድ እሑድ ከመዘምራኑ መካከል ቆሜ ዜማው ሊያመልጠኝ ሲል አፌን በነጠላዬ የያዝኩት ትዝ ይለኛል። በዚህ መሐል አረገዝኩ። ልጄ ሰካራም በሚደገፈው ግድግዳ ሥር ሊወለድ መሆኑን ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ። የራሴ የምለው ቤት፣ የራሴ ጓሮ ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ከደሳለኝ ጋር የሚያስተምር ጋሽ ወልዴ የሚባል ሰው ነበር፣ ቤት ሲገዛ ተታልሎ የተቃጠለ። እሱ ነው ምክሩን ያዘነበበት። ቤት በበጋ አይታይም፤ ዝናብ ሲወርድ ሂድና ጣሪያው ሥር ቁም አለው። ቋሚውን ከመሬት ጋር ከሚገናኝበት ላይ በቢላ ፋቅ አድርገው፤ ምስጥ ከገባው ዱቄት ይወርዳል። ጎርፉ በየት በኩል እንደሚያልፍ እይ። ወሰኑን ሻጩን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቅ። ያለ ምስክር ቀብድ እንዳትሰጥ። ክፉ ምክር አይደለም፤ ዛሬም ለምህረት ብትሰማኝ ይኼንኑ እነግራታለሁ። ደሳለኝ አንድ በአንድ ፈጸመው። ዝናብ እየወረደ ሄዶ፣ ቤቱ ውስጥ ጃንጥላውን አጥፎ፣ ራሱ ላይ ጠብታ እስኪወርድበት ቆሞ ይጠብቃል፤ አልወረደም። ቋሚውን ፋቀ፤ ደህና ነው። ጎረቤቶቹን ጠየቀ፤ ወሰኑን አሳዩት። ቤቱ አራት ማዕዘን፣ ባለ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳኑ ገና የሚያብለጨልጭ ነበር። ሻጩ አቶ ሃንዲሶ እህል ነጋዴ ናቸው፤ አቶ የምላቸውም ለዕድሜያቸው ስል ነው። እነሱ ጣሪያ ሲያዩ እኔ በጓሮው በኩል ዞርኩ። እንሰት ነው፣ የቤቱን ጀርባ እስከ አጥሩ የሞላ፤ ግንዱ ሁለት ሴቶች ተያይዘው የማያቅፉት፣ ቅጠሉ ቆርቆሮውን የነካ። ሥሩ ተጠርጓል፣ የደረቀው ቅጠል ተቀንሷል፣ ፍግ ተደርጎበታል። ማንም የእኛ አገር ሴት ያንን ጓሮ አይታ የሴት እጅ እንዳለበት ታውቃለች። ሴትዮዋ የት ናቸው ብዬ አሰብኩ። ግን ማንን ልጠይቅ? ወንዶቹ በወሰን ይከራከራሉ፣ እኔ ሆዴ የገፋ ልጅ እግር ሙሽራ ነኝ፤ ማንም ወደኔ ዞሮ ምን ትያለሽ አላለኝም።

ውሉ የተጻፈው አቶ ሃንዲሶ ደጅ ካለው ዝግባ ሥር ነው። ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ላይ፣ ጸሐፊው ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል። ቤቱን ከነጓሮው፣ በላዩ ከበቀለው ጋር ሸጫለሁ ተብሎ ተጻፈ፤ ደሳለኝ «ከነጓሮው» የሚለውን ራሱ ነው አስጨምሮ ያስጻፈው፣ ኮርቶም ነበር። በኋላም ማዘጋጃ ቤት ማኅተም ተመታበት። ሁሉም አልቆ ሊነሡ ሲሉ አንዱ ሽማግሌ ለአቶ ሃንዲሶ ሚስትህ ይኼንን ሰምታለች ወይ አሏቸው። «ትሰማለች» አሉ አቶ ሃንዲሶ። ሳቁ። ደሳለኝም ሳቀ። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ ነበር፤ ሳቁ አልጣመኝም፣ ግን ከተማ ነው፣ ማኅተም ይመታበታል፣ የገጠሩ ወግ ገጠር ይቀራል ብዬ ራሴን አባበልኩ። በእኛ አገር መሬት የወንድ ነው፤ እንሰት ግን የተከለችው ሴት ነው። ይኼንን የማያውቅ የለም፤ እዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጡትም አላጡትም። ወረቀቱ ላይ የሚጻፍበት ቦታ ግን የለውም፣ ምክንያቱም ወረቀቱን የሚጽፉት ወንዶች ናቸው።

ገብተን ብዙም ሳንቆይ፣ አንድ ማለዳ መስኮቱን ስከፍት ጓሮ ውስጥ ሰው አለ። ሸበቶ ሴትዮ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ደረቅ ቅጠል እየቀነሱ። ወጣሁ። እሳቸው አልደነገጡም፤ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሆዴን አዩት፣ ስንት ወሩ ነው ብለው በተሰባበረ አማርኛ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ከዚያ እንሰቱን በመዳፋቸው መታ አድርገው «እኔ ነኝ የተከልኩት» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ስማቸው ጡሜ ነው፣ አማ ጡሜ ነው የምንላቸው፤ አማ በእነሱም በእኛም ቋንቋ እናት ማለት ነው። የአቶ ሃንዲሶ ሚስት ናቸው፤ ባልየው ጊምቢቹ ሌላ ሚስት አግብተው፣ እሳቸውን ታማሚ ጠይቂ ብለው ፎንቆ ወደ ገዛ ወንድማቸው ቤት ልከው፣ ቤቱን በዚያው ሸጡት። ሴትዮዋ ቤታቸው መሸጡን የሰሙት ገበያ ላይ ከጨው ነጋዴ ነው። ከእንሰቶቹ መሐል ጎንበስ ብለው በቅጠል የተከደነ ጉድጓድ ገለጡ፤ ያ ሽታ ወጣ። እዚያ ቤት ሳሉ የቀበሩት ቆጮ ነው። አገላብጠው፣ አዲስ ቅጠል አልብሰው፣ ድንጋዩን መልሰው ጫኑበት፣ እኔም ድንጋዩን ሲያነሡ አገዝኳቸው። ምን ላድርግ? አሮጊት ድንጋይ ስታነሣ ቆሜ ልይ?

ደሳለኝ ሲሰማ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሽማግሌዎቹ ሮጠ። አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት መሐል ቤቱን የካደን የለም። መሬቱ የእናንተ ነው አሉት፣ እንሰቱም በወረቀት የእናንተ ነው፣ ሴቶቹን ግን እኛ አንችላቸውም። እንሰት የሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይቆምም፤ በማይቆሙበት ቦታ ምን ብለው ይፍረዱ? ደሳለኝ በቅሎ ተከራይቶ ጊምቢቹ ድረስ ሄደ። አቶ ሃንዲሶ በወግ ተቀበሉት፣ አበሉት፣ አጠጡት፣ ከዚያ ቤት ሸጥኩልህ እንጂ ሚስቴን ልጠብቅልህ ውል አልገባሁም ብለው ሸኙት። ሲመለስ ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ ደጋግሞ ፋቀ። እከሳለሁ ይላል፣ ደግሞ ይተወዋል። ፖሊስ ይዞ አሮጊት ከእንሰት ሥር አስወጥቶ በማግሥቱ ክፍል ገብቶ ልጆቹን ምን ብሎ ያስተምራቸው? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናድጄበት ነበር። ጣሪያውን ያየ ሰው፣ ምስጡን ያየ ሰው! በማን ላይ እንደምናደድ ግን ጠፍቶኝ ነው እንጂ እሱስ ምን አጠፋ? እንሰት የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ወንድ እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም።

አማ ጡሜ በየገበያው ቀን ይመጣሉ። በበሩ አይደለም፣ በአጥሩ ክፍት በኩል ነው፤ ክፍቱን እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም ያበጁት። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የልጅ ልብስ እሰፋለሁ፣ እሳቸው ከእንሰቱ ጋር ያወራሉ፤ የሚሉት ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹ ያመልጠኛል። ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር፣ እኔም እሳደብ ነበር። ቤቴ ገብቼ የሰው ቤት ጠባቂ ሆንኩ፤ ቅጠል መቁረጥ ሲያስፈልገኝ ዙሪያውን አያለሁ። መውለጃዬ ሲቃረብ ለአራስ የሚሆን ቡላ አማረኝ። አንዲቱን እንሰት ብቻ እንጣልና ፋቁልኝ ብዬ ጎረቤቴን፣ የጥላሁንን እናት፣ ለመንኳቸው። እንሰት አንዲት ሴት ብቻዋን አትጨርሰውም፤ አንዷ ትጥላለች፣ አንዷ ትሸከማለች፣ ሌሎቹ በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቃሉ፣ ጎረቤት ካልመጣ ሥራው የለም። የጥላሁን እናት ደግ ሰው ናቸው፣ ውኃ ያለቀብኝ ቀን ጠርተው የሚሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እጄን ይዘው «ልጄ፣ ሌላ ሥራ እዘዢኝ» አሉኝ። «እሷ በሕይወት እያለች የሷን እንሰት ልፋቅ ብል እጄ እሺ አይለኝም።» ሌሎቹም እንደሱ ነው ያሉኝ፣ አንዳንዶቹ በቃል፣ አንዳንዶቹ ቀና ብለው ሳያዩኝ። ስለዚህ ዙሪያዬን እንሰት ከቦኝ ቆጮ ከገበያ ገዝቼ በላሁ። በስሙኒ የምትገዛ ቁራጭ፣ ያውም ያልበሰለች።

ለምህረት ይኼንን ሁሉ በባጃጁ ውስጥ ነገርኳት፤ መንገዱ ኮብል ስቶን ሆኖ ጥርሴን ያጋጨዋል፣ ግራሞፎን ያለቅስበት የነበረው ቦታ ላይ የሞባይል መሸጫ ቆሟል፣ ዓረቡም ሱቁም የለም። ስትገዢ ጣሪያውን አይተሽ፣ ወሰኑን አይተሽ፣ ስታበቂ እዚህ ቤት ውስጥ የኖረችው ሴት የት ሄደች ብለሽ ጠይቂ አልኳት። «እማማ፣ ካርታ አለው እኮ፤ ባንኩም አይቶታል» አለችኝ። እኛም ነበረን፣ ማኅተም ያለው። ልጅ ካልሰማሽ ምን ታደርጊዋለሽ፤ ከወጣቶች ጋር መከራከር ጉልበት ይፈልጋል፣ ጉልበቴ ደግሞ ደረጃው ላይ ቀርቷል።

ወለድኩ፣ ወንድ ልጅ። ልጁ ፈገግ ማለት በጀመረ ሰሞን ከእንሰቶቹ ትልቁ ከመሐሉ አበባ ማውጣት ጀመረ። ይኼ ለማያውቅ ያምራል፤ ለሚያውቅ ግን የጥፋት ምልክት ነው። አበባው ከወጣ ግንዱ ውስጥ ያለው ምግብ ሁሉ ወደሱ ይሄዳል፣ ዛፉ ከውስጡ ባዶ ሆኖ ይሞታል። ከትልቁ አጠገብ ያሉትም ያንኑ ይከተላሉ። እኔ አልቆርጠው፣ የሚፍቅልኝ የለም። አማ ጡሜ ይቁረጡት እንዳይባል የሚወስዱበት ቤት የላቸውም፤ የወንድማቸው ሚስት ጓሮዬ ሞልቷል ብላ አንዲት ችግኝ እንኳ አላስተከለቻቸውም፣ አንዲት ልጃቸው ሩቅ ሙዱላ ተድራለች። ብዙ ዓመት የተለፋበት ነገር ሁለታችንም ዓይናችን እያየ ሊጠፋ ነው። እዚሁ ፍቀን እኩል እንካፈል አልኳቸው። ሰሙኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እሺም እምቢም አላሉኝም። እንዲያ እየሆነ አንድ ገበያ አለፈ፣ ሌላው አለፈ። የአበባው ራስ ጎንበስ ማለት ጀመረ። እኔ ሕፃኑን አስተኝቼ እየወጣሁ አየዋለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። ደሳለኝ ጸልዪበት ይለኛል። ጸለይኩ፤ ለማን እንደምጸልይ ግን አላወቅኩም፣ ለእኔ እንዳይሆን ለእሳቸው አዝናለሁ፣ ለእሳቸው እንዳይሆን እኔም እናት ነኝ።

አንድ ጠዋት አማ ጡሜ በበሩ መጡ። ከኋላቸው የጥላሁን እናት፣ ሌሎቹም የሰፈሩ ሴቶች፣ መፋቂያና ሳንቃ ይዘው። ትልቁን ጣሉት። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ያልደረሱትንም፤ ሴቶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ፣ ግን የተከለችው እሷ ናት፣ ማን ምን ይላታል? ደሳለኝ ከቤት ወጥቶ ከጋሽ ወልዴ ዘንድ ዋለ። እኔ ልጄን አዝዬ ላግዝ ብዬ ቀሚሴን ሸብ ሳደርግ አራስ አትፍቅም ብለው መለሱኝ፤ የራስሽ አይደለም ያለኝ የለም። ጓሮው በቅጠል ተሞላ፣ ከቅጠሉ ሥር የሚወጣው ነጭ ውኃ መሬቱን አራሰው፣ ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ የማንን ባል እንደሚያሙ ግማሹ ይገባኛል። እንዲያ ያለ የደመቀ ሥራ ቤቴ ሲሠራ የመጀመሪያዬ ነበር። ገብቼ አለቀስኩ፤ ልጁ እንዳያየኝ ወደ ግድግዳው ዞሬ።

ሥራው ሁሉ አልቆ፣ ጉድጓዱም ተከፍቶ ያለው ሁሉ በቅጠል ተጠቅልሎ አህያ ላይ ሲጫን ጓሮው ባዶ ሆነ። ከመስኮቴ አጥሩ ታየኝ፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ መንገዱ። ቆጮውን ዘመድ ያልሆነ ሰው ቤት በአደራ ሊያስቀምጡት ነው፣ ገበያ እያወጡ ሊሸጡት። አማ ጡሜ አንድ ጥቅልል ቡላ ይዘው ወደ በራችን መጡና ለአራስ ነው ብለው ደፉ ላይ አስቀመጡልኝ። ጓሮው ያሳዝነኛል፣ እሳቸው ያሳዝኑኛል። አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ። «አማ፣ ተመልሰው ይምጡ። ችግኝ ያምጡና እዚሁ ይትከሉ። ቦታው አለ፤ ቤትዎ ነው።»

ልጄን አዩት። ጉንጩን በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉት፣ ጣታቸው የእንሰት ውኃ ደርቆበት ጠቁሯል። አልተቆጡም።

«የኔ ቤት ቢሆን፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ቤትዎ ነው አትዪኝም ነበር።»

መልስም አልጠበቁም። አህያዋን መታ አድርገው ወጡ። ልጄን ታቅፌ እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው፤ ወደ ፎንቆ በሚወስደው በኩል ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅለው ሻሻቸው እስኪጠፋኝ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ አልመጡም። እኔም ያን ቀን ተመልሼ ገባሁ፤ ሌላ የምገባበት ቤት አልነበረኝም።